በበዛብህ ላይ የተፈረደው ፍርድ

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳትመው ለአንባቢ ካበረከቱ ወዲህ፣ መጽሐፉን ገልጦ ያነበበውም፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያደመጠውም፣ በቅርብ ዓመታት ተከታታይ ድራማ ሆኖ በቴሌቪዥን ሲቀርብ የተመለከተውም፣ ሦስቱም ወገኖች በሌላው ነገር ሁሉ ሲለያዩ በአንድ ፍርድ ላይ ግን ተስማምተው ይገኛሉ፤ ይኸውም የመጽሐፉ ባለ ታሪክ በዛብህ ፈሪ ነበር የሚለው ፍርድ ነው። ፍርዱ በየትኛውም አገር ይሰማል፤ ነገር ግን ታሪኩ በተተከለበት ምድር፣ ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣ በሚደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ድምፁ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይበረታል። ዲማ ጊዮርጊስ ለቢቸና ሰው የጎረቤት ደብር ስለ ሆነች፣ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ነገር ሲነሣ ሰው የሚናገረው ስለ ሩቅ ባላባት እንደሚናገር ሳይሆን፣ አምና በአጥቢያው ስለ ተፈጸመ ነገር እንደሚመሰክር ሆኖ ነው። ከማኅበር ጠበል በኋላ፣ በቡና ላይ፣ ወይም ወደ ሞጣ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው «በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ለምን ጥሏት ሄደ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነውና ክርክሩ ሳይጀመር ያልቃል።

የከሳሾችን ነገር ሳላጎድል ማቅረብ ይገባኛል፤ አሳንሰው ያቀረቡትን ክስ ማፍረስ ክርክር አይባልምና። እነርሱ እንዲህ ይላሉ፦ ሰብለ ወንጌል በአባትዋ በፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትዕቢት ምክንያት፣ ለማዕርጋቸው ይመጥናል የሚባል ሙሽራ እየታጣ፣ የመዳርያዋ ዘመን በከንቱ ሲያልፍ የኖረች ልጅ ናት፤ ያስተምራት ዘንድ ወደ ቤት የገባው በዛብህ ልብዋን ከከፈተው በኋላ፣ የፊታውራሪ ቁጣ በተነሣ ጊዜ ሌሊት ከዲማ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ እርስዋን ግን ከማትወደው ሰው ጋራ ሊያጋቡዋት በተሰናዱ ወላጆች እጅ ተዋት። ቢወድዳት ኖሮ ይዟት በወጣ ነበር፤ ይዟት መውጣት ባይችል አብሯት በቆመ ነበር። ደግሞም ይህ አገር በጠላት ወረራ ዘመን በላይ ዘለቀ አርበኞችን የመራበት አገር ነው፤ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ እንኳ በዚያው ጌታ ሥር የኖረ አበጀ በለው የሚባል ሰው መሣርያውን አንሥቶ ፊታውራሪን ገጥሟል። አንዱ ሲቆም ሌላው ሸሸ፤ ስለዚህ ሸሺው ፈሪ ነው። የክሱ ቃል ከሞላ ጎደል ይህ ነው፤ ስሰማው በኖርሁ ቁጥር ልቤን ያሳዝነዋል እንጂ አንድም ቀን አሳምኖኝ አያውቅም።

እኔ ይህ ፍርድ ሐሰት ነው እላለሁ። ሐሰት የሆነውም ዳኞቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ ወይም መጽሐፉን ስላላነበቡ አይደለም፤ ብዙዎቹ መጽሐፉን ከእኔ ይልቅ በቃል ያውቁታል። ሐሰት የሆነው ተከሳሹን በእነርሱ ዘመን ሕግ እንጂ እርሱ በኖረበት ሕግ ስላልዳኙት ነው። ዛሬ በቢቸና ከተማ የሚያድግ አንድ ወጣት ሴት ልጅን ቢወድ የሚያሳስበው የእርስዋ ፈቃድ፣ የወላጆችዋ አሳብ፣ የራሱም ኑሮ ነው፤ የልቡ ነገር ግን የራሱ ርስት እንደ ሆነ አይጠራጠርም። በዛብህ ግን ልቡ የራሱ አልነበረም። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ በማንኩሳ የወለዱትን አንድ ልጃቸውን በሕይወት ይኖርላቸው ዘንድ ተስለው፣ ዕድሜውን በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ይፈጽም ብለው ለእግዚአብሔር ሰጥተውታል፤ እርሱ ራሱ እሺ ወይም እምቢ ለማለት አንደበቱ ሳይፈታ የተሰጠ ሰው ነው።

ስእለትን እንደ ባዶ ልማድ የሚቈጥር አንባቢ የዚህን ነገር ክብደት አይረዳውም። በዚያ ዘመን በዲማም ሆነ በደብረ ወርቅ ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት ሲሻገር፣ ከመዝሙረ ዳዊት ቀጥሎ የሚደግመው ጸሎተ ነቢያትን ነው፤ ከጸሎተ ነቢያትም መካከል ልጅዋን ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ የሰጠችው የሐና ጸሎት ይገኛል። እንግዲህ በዛብህን የመሰለ ተማሪ የተሰጠ ልጅን ታሪክ ከሰው ሲወራ የሰማ አይደለም፤ ገና በጨቅላነቱ ጧት ጧት እያዜመ ከአጥንቱ ጋራ ያዋሐደው ነው። ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ መጽሐፈ መሳፍንት በደረሰ ጊዜ ደግሞ የዮፍታሔን ነገር ያገኛል፤ አባት ያለ ማስተዋል በተሳለው ስእለት ልጁ ምን ዋጋ እንደ ከፈለች ያነባል። ይህን ሁሉ በልቡ የያዘ ሰው ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ፣ የሚዋጋው ከአንድ ፊታውራሪ ጋራ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ መናገር ታላቅ ስሕተት ነው። ስእለቱን የተሳሉት አባትና እናቱ ካረፉ ወዲያ ከማሰርያው የሚፈታው ሰው በምድር ላይ አልቀረለትም፤ ከሕያዋን ጋራ የሚጣላ ሰው ይታረቅ ይሆናል፣ ከሙታን ጋራ ለተጣላ ግን ሽማግሌ አይገኝለትም። በዛብህ ይህን እያወቀ መውደዱን አልተወም። እኔ ድፍረት የምለው ይህን ነው፤ ከሳሾቹ ግን መሣርያ ያልያዘ ድፍረት ድፍረት ሆኖ አይታያቸውም።

ከስእለቱ ሌላ ደግሞ የዘመድና የርስት ነገር አለ። በጎጃም ምድር የአንድ ሰው ኃይል የሚለካው በክንዱ ብርታት ሳይሆን በጠብ ቀን ከጎኑ በሚሰለፈው ወገን ነበር፤ ርስት የሚገኘውም፣ ዋስ የሚጠራውም፣ ደም የሚመለሰውም በዘር በኩል ነው። የቅኔ ተማሪ ግን አገሩን ትቶ የሚመጣ፣ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚያድር፣ በሚማርበት ደብር ከመምህሩና ከባልንጀሮቹ በቀር ወገን የሌለው እንግዳ ነው። በዛብህ ከተማሪነት አልፎ ባለ ሙያ በሆነም ጊዜ በዲማ ላይ የነበረው ዕውቀቱ ብቻ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ግን በዚያ አገር ግብር ተቀባዩም፣ ዳኛውም፣ ከሳሹም እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ «አብሯት በቆመ ነበር» የሚል ሰው የት ላይ እንደሚቆም፣ ከማን ጋራ እንደሚቆም፣ በማን ፊት አቤት እንደሚል ሊነግረን ይገባዋል። ቢቆም ኖሮ በማግሥቱ ሬሳው ይነሣ ነበር፤ ሰብለ ወንጌልም ከሬሳው ላይ ተነሥታ ወደ ታጨችለት ቤት ትወሰድ ነበር። በዚህ ውስጥ ለእርስዋ የሚሆን ጥቅም ከወዴት ይገኛል? ሟቹ ስለ ጀግንነቱ ይወደስ ይሆናል፤ እርስዋ ግን ተስፋዋን ሁሉ በአንድ ቀን ታጣለች።

በዚህ ስፍራ ከአገራችን ርቄ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1966 «ስታር ትሬክ» የሚባል፣ በሩቅ ዘመን በከዋክብት መካከል የሚጓዙ ሰዎችን ነገር የሚተርክ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ተጀምሮ ነበር። በዚያ ውስጥ ስፖክ የተባለ፣ አባቱ ከቮልካን ሕዝብ እናቱ ከሰው ወገን የሆነ፣ ስሜቱን ለአእምሮው ያስገዛ ገጸ ባሕርይ አለ። ከታሪኩ የተሠራው ሁለተኛው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1982 ከመውጣቱ በፊት ስፖክ ሊሞት ነው የሚል ወሬ ሾልኮ ተሰማና፣ ወዳጆቹ በቍጣ ተነሥተው ለፊልሙ ሠሪዎች የተቃውሞ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደረሱ። ፊልሙ ሲወጣ ግን ስፖክ መርከቡንና ባልንጀሮቹን ለማዳን ሲል ብቻውን ገዳይ ጨረር ወዳለበት ክፍል ገብቶ መሞቱን አዩ፤ አዘኑ፣ አለቀሱ፤ ሆኖም ሥራው ከተወለደበት ሕዝብ ሥርዓት ጋራ የሚስማማ እንደ ሆነ አውቀው ስለ እርሱ ሲከራከሩ በእርሱ ሕግ ተከራከሩለት። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ በሌለ ኮከብ ላይ ለተወለደ ፍጡር ይህን ያህል ፍትሕ ከተሰጠ፣ ስለ ምን ነው እኛ በማንኩሳ ለተወለደ፣ የአያቶቻችንን ዳዊት ለደገመ፣ እግራችን በሚረግጠው መንገድ ለተመላለሰ ሰው በዓለሙ ሕግ የመዳኘትን መብት የምንከለክለው? የስእለትና የአጥንት ቈጠራ ዓለም ለዛሬ ወጣት ከከዋክብት ያላነሰ እንደ ራቀ አውቃለሁ፤ ስለ ራቀ ግን ይጠናል እንጂ አይሰረዝም።

አሁን ወደ አበጀ በለው እመለሳለሁ፤ የከሳሾቹ ጽኑ ምስክር እርሱ ነውና። አበጀ በለው በእውነት ጀግና ነው። ነገር ግን ጀግንነቱ የቆመበትን መሠረት ማየት ያስፈልጋል፤ አበጀ ባላገር ነው፣ መሬት አለው፣ መሣርያ አለው፣ ከሁሉም በላይ ከልክ ያለፈ ግብር ያስመረራቸው የአገሩ ሰዎች ከኋላው አሉ። ይህ ነገር በልብ ወለድ ብቻ የቀረ እንዳይመስል የራሳችንን ታሪክ እናስታውስ፤ መጽሐፉ ከታተመ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ባወጀ ጊዜ፣ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች የመሬት ልኬት ርስታችንን ያጠፋብናል ብለው እምቢ አሉ። ሠራዊት ተላከባቸው፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለባቸው፤ በዚህም ሁሉ አልተበተኑም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፍ ግብር ማሩ። ይህን ያዩ ብዙ ሰዎች ሐዲስ ዓለማየሁ ትንቢት ተናገሩ ይላሉ፤ እኔ ትንቢት ነው አልልም፣ አገሩን አጥንቶ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነውና ነገሩ ከአገሩ ጠባይ ጋራ ተገጣጠመ እላለሁ። ለእኛ ክርክር የሚጠቅመው ግን ሌላው ነው። እነዚያ ገበሬዎች ሊቆሙ የቻሉት አጥቢያ ከአጥቢያ፣ ዘመድ ከዘመድ ጋራ ተማምሎ በአንድነት ስለ ተነሣ ነው እንጂ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሆነው አይደለም። ከእነርሱ መካከል ለብቻው ተነጥሎ በሌሊት የተከበበ ሰው ቢኖር፣ ገደል ወርዶ ራሱን ቢያድን ማንም ፈሪ ባላለው ነበር። የአባይ በረሃ ለዚህ አገር ሰዎች የኖረው መሸሸጊያ ሆኖ ነው፤ በላይ ዘለቀ ራሱ የብዙ ሺህ አርበኞች መሪ ከመሆኑ በፊት ገና በወጣትነቱ ወደዚያ በረሃ ወርዶ ኖሯል። ለባለ ጠመንጃው የተፈቀደው መሸሽ ለባለ አኮፋዳው ነውር የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ደግሞ ሰብለ ወንጌልን እንመልከት። በዛብህን የሚነቅፉ ሁሉ እርስዋን ያመሰግናሉ፤ ማመስገናቸውም ተገቢ ነው፣ እንዲያውም አነሰ እላለሁ። ከቤት ወጥታ የማታውቅ የባላባት ልጅ ልብሷን ለውጣ፣ ማዕርግዋን ጥላ፣ የማታውቀውን መንገድ በእግርዋ ተያያዘችው። ነገር ግን ያደረገችው ነገር ምን ነበር? ከዲማ በስውር ወጣች። በዛብህስ ያደረገው ምን ነበር? ከዲማ በስውር ወጣ። አንዱ ሥራ በእርስዋ ሲሆን ጀግንነት፣ በእርሱ ሲሆን ፍርሀት ሊባል አይችልም። «እርስዋ ወደ እርሱ ሄደች፣ እርሱ ግን ከእርስዋ ራቀ» የሚሉኝ እንደ ሆነ፣ መጽሐፉን እስከ ፍጻሜው ያንብቡት እላለሁ፤ በዛብህ ወደ እርስዋ ሲመለስ ነው ሽፍቶች በመንገድ ያቈሰሉት። አዲስ አበባ ከፊታውራሪ መሸሻ ክንድ የራቀች ከተማ ነበረች፤ በዚያ ተቀምጦ፣ ሌላ ኑሮ ጀምሮ፣ ዲማን እንደ ሕልም ሊረሳት ይችል ነበር። ነፍሱን ብቻ ያዳነ ሰው ወዳመለጠበት ስፍራ አይመለስም። ሁለቱም ከሁለት ወገን ተነሥተው እርስ በርሳቸው ሲፈላለጉ ተገናኙ፤ ደራሲው ይህን መገናኘት በሞት አፋፍ ላይ ያደረጉት በዛብህን ለመቅጣት መስሎ የሚታየው አንባቢ፣ መመለሱን ከመሄዱ ያነሰ አድርጎ የገመተ አንባቢ ነው።

በዛብህ ነውር የለበትም አልልም። ነገሩን ሁሉ ለጊዜ አሳልፎ የሚሰጥ፣ መወሰን በሚገባው ቀን የማይወስን ጠባይ አለበት፤ ይህ ጠባዩም ሰብለ ወንጌልን ብዙ አስጨንቋታል። ይህን አንሥቶ የሚወቅሰው ሰው ቢኖር ተቀምጬ እሰማዋለሁ። ሁለት ጌታ ያለው ሰው ማመንታት ግን ሌላ ነው፣ ፍርሀት ሌላ ነው።

ይህ ፍርድ ሥር እንዲሰድ የረዳው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ታሪኩ በእውነት የተፈጸመ ነው የሚለው ወሬ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የእገሌ ቅድመ አያት ነበሩ፣ በመጽሐፉ እውነት ተናጋሪ የሆነውን ጉዱ ካሣን በዓይኑ ያየ ሽማግሌ ነበር፣ መቃብራቸው ከዚህ ስፍራ አለ የሚሉ ሰዎች በቢቸናም በሞጣም አይጠፉም። ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን በጻፈ ጊዜም በጣና ገዳማት አለ የተባለው የሳይንስ ምስጢር እውነት ነው ወይ እያለ የሚጠይቅ ወጣት ብዙ ነበርና፣ የዚህ ዓይነቱ ናፍቆት በሕዝባችን ዘንድ አዲስ አይደለም፤ መጽሐፉን ከመውደድ የሚመጣ ስለ ሆነም አልንቀውም። ነገር ግን ጉዳቱ ትልቅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋልና የዚያን ዓለም ኑሮ ያውቁት ነበር፤ የብዙ ቤቶችን ትዕቢት፣ የብዙ ተማሪዎችን ችግር፣ የብዙ ሴቶች ልጆችን ዝምታ አይተው ከዚያ ሁሉ አንድ ቤት ሠሩ። ያንን ቤት ወደ አንድ ሰው አያት ቤት የመለሱት እንደ ሆነ ክርክሩ ከፍትሕ ወደ ትውልድ ቈጠራ ይወርዳል፤ «በዛብህ ልክ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ «በዛብህ የማን ልጅ ነበር?» በሚል ይተካል። ደግሞም በእውነት የሆነ ነገር ነው ያለ ሰው፣ እንዲህ ሆነ፣ ሸሸ፣ ሞተ ብሎ ያልፈዋል፤ ደራሲ አስቦ የወሰነው ነገር ነው ያለ ሰው ግን ስለ ምን እንዲህ ወሰኑ ብሎ ይመረምራል። ሊቃውንታችን በአንድምታ ጉባኤ ለአንዲት ንባብ ይህንም ያንንም ትርጓሜ እያመጡ ሲጠይቁ የኖሩት ቃሉ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም ብለው ስላመኑ ነው። ያንን የመጠየቅ ትጋት ለዚህ መጽሐፍ ብናውለው ኖሮ የበዛብህ ነገር በአንድ ቃል ባልተዘጋ ነበር።

ድራማው በቴሌቪዥን በቀረበ ጊዜ ፍጻሜው ይለወጥ ይሆናል፣ ሁለቱ ይጋቡ ይሆናል እየተባለ ሲወራም ሰምቻለሁ። ምኞቱ ከርኅራኄ የመነጨ ነው። ግን ፍጻሜውን ለመለወጥ የሚመኝ ሰው፣ በዛብህ ትንሽ ቢደፍር ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይቀና ነበር የሚለውን ያንኑ ፍርድ ሳያውቀው ይዟል። መጽሐፉ የሚያሳየን ይህን አይደለም። አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ሊያፈርሱት የማይችሉትን፣ አበጀ በለው እንኳ በጦር መሣርያ ካንዱ ወገን ብቻ የነቀነቀውን ሥርዓት ነው የሚያሳየን። ሁለቱን አጋብቶ በደስታ የሚያሰናብት ድራማ ያንን ሥርዓት ነጻ ያወጣዋል፤ ጥፋቱንም ሁሉ በአንድ ድኻ መምህር ትከሻ ላይ ይጭነዋል። ዛሬም እኮ በየቤቱ አጥንት እየተቈጠረ የሚከለከል ጋብቻ አልጠፋም፤ የሚከለክለው ሥርዓት ሳይጠየቅ የተከለከለው ልጅ ወኔ ማጣት ሲጠየቅ እሰማለሁ።

በቢቸናና በሞጣ ትምህርት ቤቶች የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩ መምህራን ስለዚህ መጽሐፍ ተማሪዎቻቸውን ሲያከራክሩ፣ አንዱ ቡድን በዛብህ ፈሪ ነው እንዲል ሌላው አይደለም እንዲል አድርገው ከማሰለፋቸው በፊት፣ ከሁሉ አስቀድመው የማንኩሳውን የስእለት ነገር ጮክ ብለው ቢያስነብቡ እወድ ነበር። ከዚያ ወዲያም ስለ ጉዱ ካሣ ቢጠይቁልኝ እወድዳለሁ። ከሳሾቹ ሁሉ ጉዱ ካሣን ይወድዳሉ፤ በዚያ አገር እውነትን ያለ ፍርሀት የሚናገር፣ የባላባቶቹ ወገን ሆኖ ሳለ ባላባቶቹን የሚገሥጽ፣ ሐሰትንና ግብዝነትን ከሩቅ የሚለይ ሰው እርሱ እንደ ሆነ ይመሰክራሉ። የሁለቱን ምስጢር ከማንም በፊት ያወቀው፣ በዛብህ ከዲማ ሲወጣም የረዳው እርሱ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ዘመዶቹን፣ አገሩን፣ የሚናገርበትን አደባባይ ሁሉ ትቶ የቀረውን ዕድሜውን በእነዚያ በሁለቱ መቃብር አጠገብ ፈጸመ፤ እርሱም ከእነርሱ ጋራ ተቀበረ። በዛብህ ፈሪ ነው የሚሉ ሰዎች፣ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይልቅ ፍርዱን የሚያምኑት ይህ ሰው በዛብህን በዓይኑ አይቶ፣ በሥራው መዝኖ፣ እነርሱ ያዩበትን ነውር ሳያይበት እንደ ቀረ እንዴት አድርገው እንደሚያስረዱን እስካሁን ከአንዳቸውም አልሰማሁም።